ለዘርና ለጌጥ ሥራ ዕቃ ስትገዢ፦ ኪቱን ተይው፣ ገንዘብሽን ፒንሳው ላይ አውጪ

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ አለኝ። ከ11 ዓመት ልጄ ጋር ሁለት ነገር መጀመር ፈልገናል። አንደኛው ሰላጣ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከዘር ማፍላት ነው። ሁለተኛው የአንገትና የጆሮ ጌጥ መሥራት። ለሁለቱም ያለኝ 6,000 ብር ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለት ኪት አይቻለሁ፤ አንዱ ባለ 10 ዕቃ የአትክልት፣ ሌላው ባለ 1,500 ፍሬ የጌጥ መሥሪያ። ቪዲዮዎቹ ደግሞ የችግኝ መብራትና ማሞቂያ ምንጣፍ ግዴታ ነው ይላሉ። ፒንሳውና ወረንጦው ለሁለቱም ሥራ ቢያገለግል ወጪ ይቀንስልኛል ብዬ አስቤያለሁ። እናቴ ከገጠር አንድ እፍኝ ቀይ ፍሬ ልካልኛለች፤ ጫፏ ጥቁር ነው፣ በጣም ታምራለች። በስተን ክር ላይ ብንሰካት ምን ዓይነት መሰርሰሪያ ያስፈልገናል?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ለነገ አይባልም። ያቺ ፍሬ አትበሳም። ቀይ ሆና፣ ከሽንብራ አንሳ፣ ጫፏ ላይ ጥቁር ያለባት አንጸባራቂ ፍሬ ከሆነች አብሩስ ፕሬካቶሪየስ የሚባለው ሐረግ ፍሬ ናት። በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ ለአንገት ጌጥና ለመቁጠሪያ ስለምትሰካ ሰው ምንም አይመስለውም። ውስጧ ግን አብሪን የሚባል ከባድ መርዝ አለ፤ ከጉሎ ፍሬ መርዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ቅርፊቷ ጠንካራ ስለሆነ ሳትሰበር ብትዋጥ ብዙ ጊዜ እንዳለች ትወጣለች። አንቺ ልታደርጊ ያሰብሽው ግን ያንን ቅርፊት መክፈት ነው። ስትሰረሰር ዱቄቷ ይበናል፣ ከዚያ ደግሞ የተበሳች ፍሬ አንገት ላይ ትንጠለጠላለች፣ ልጅ ደግሞ አንገቷ ላይ ያለውን ነገር ሳታስበው አፏ ውስጥ ትከታለች።

ስለዚህ ፍሬዋን በፌስታል ጠቅልለሽ፣ አስረሽ ከቆሻሻ ጋር አስወጪ። አበባ ማሰሮ ውስጥም አትጣያት። ሰው ቤት ውስጥ አኝኳት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ትውከቱና ተቅማጡ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ወዲያው ሐኪም ቤት ሂዱ፣ ፍሬዋንም ይዛችሁ ሂዱ። የቆርች ዛፍ ቀይ ፍሬና የጉሎ ፍሬም ያው ናቸው፣ ለጌጥ ይቅሩ። እናትሽን ግን አመስግኛቸው። በምትኩ የምትሰኩት ሌላ ፍሬ መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ፤ እሱን ራሳችሁ ትዘሩታላችሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። ሁለቱንም ኪት አትግዢ። ሁለቱ የሚሸጡት በቁጥር ነው። 10 ዕቃ፣ 1,500 ፍሬ ሲባል ብዙ ይመስላል፤ አንቺ የምትፈልጊው ግን እጅሽ የሚሠራውን ሥራ የሚያግዝ ዕቃ ነው። የአትክልቱ ኪት ውስጥ ያሉት አካፋና ሬክ መሬት ላለው ሰው የተሠሩ ናቸው። አንቺ ጋ ያለው አፈር ጥልቀቱ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው። እሱን በሬክ የሚቧጥጥ የለም። አብሮት የሚመጣው የእርጥበት መለኪያም፣ ያ ባለ ሁለት እግሩ፣ የሚለካው አፈሩ ኤሌክትሪክ ማሳለፉን ስለሆነ ማዳበሪያ በበዛበት አፈር ላይ ይሳሳታል። ጣትሽን እስከ ጥፍርሽ ድረስ ብትከቺ ይሻላል። ከእጅ አይሻል ዶማ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

መብራቱና ማሞቂያ ምንጣፉ ላይ ቪዲዮዎቹ አልዋሹሽም፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሌላ አገር ነው። ሰሜን አውሮፓ ወይም ካናዳ ያለ ሰው ቲማቲሙን የሚዘራው ገና ክረምቱ ሳይወጣ፣ ቀኑ አጭር ሰማዩም ደመና በሆነበት ጊዜ ነው። መብራት ከሌለው ችግኙ ብርሃን ፍለጋ ይመዘዝና እንደ ክር ቀጥኖ ይወድቃል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዓመቱ አጭር በሆነው ቀን እንኳ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ብርሃን አለ። የጠዋት ፀሐይ ያለው በረንዳ ለችግኝ ከበቂ በላይ ነው። ችግኝሽ ከተመዘዘ ጥፋቱ የመብራት አለመኖር ሳይሆን ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ሥር ማስቀመጥሽ ነው፤ አውጪው።

ስለ ሙቀቱ ግማሽ እውነት አላቸው። ሰላጣ ቀዝቃዛ ይወዳል፣ እንዲያውም ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን መብቀል ይከለክለዋል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን 25 ዲግሪ አካባቢ ሲያገኙ ነው ቶሎ የሚበቅሉት። የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ በደንብ ይቀዘቅዛል። ያኔ ቃሪያ ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ አንቺም ዘሩ ሞቷል ብለሽ ትደፊዋለሽ። መፍትሔው ምንጣፍ መግዛት አይደለም። ትሪውን እስኪበቅል ድረስ ፍሪጅ አናት ላይ አስቀምጪው። ያልበቀለ ዘር፣ ከሰላጣና ከመሳሰሉት በስተቀር፣ ብርሃን አይፈልግም። የመጀመሪያዋ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ ስትል በዚያው ቀን በረንዳ ይውጣ። ነገ እላለሁ ካልሽ ይመዘዛል።

ለዘር የሚያስፈልግሽን ልንገርሽ። ጥሩ ውሃ መርጫ አንድ፤ ጭጋግ አድርጎ የሚረጭ፣ አፍንጫው የሚስተካከል። ወንፊት አንድ፤ ወጥ ቤት ያለሽ አሮጌ ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ወጥ ቤት አይመለስም። ትሪ ብትገዢ ጥሩ ነው፣ የችግኝ ትሪ ብዙ ዓመት ያገለግላል። ካልገዛሽም የሃይላንድ ጠርሙስ በቁመቱ ሰንጥቀሽ፣ በጋለ ሚስማር ከሥሩ ስድስት ሰባት ቦታ ብሺው። ቀዳዳው የግድ ነው። ከሥሩ ደግሞ ውሃ የሚይዝ ሳፋ ወይም ትሪ አድርጊ፣ ታች ያለችው ጎረቤት ልብስ አስጥታ ይሆናል።

የእንቁላል ካርቶን ላይ መዝራት የሚባለውን ተይው። ካርቶኑ ውሃውን ከአፈሩ ላይ ይመጠዋል፣ ጠዋት አጠጥተሽው ከሰዓት ይደርቃል። ደጋግመሽ ስታጠጪው ደግሞ ይሻግታል። የእንቁላል ካርቶን ጥሩ የሚሆነው ዶቃ ለመለየት ነው።

አፈሩ ላይ አትቆጥቢ። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች የየራሳቸው ልኬት አላቸው። እኔ ለትሪ የምጠቀመው ሦስት እጅ ጥሩ አፈር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ነው፤ ሁሉም በወንፊት ይነፋል። «የበሰለ» የምለው አፍንጫሽ ጋ ስታቀርቢው የዝናብ አፈር የሚሸተውን ነው። ፍግ ፍግ የሚል ከሆነ ገና ነው፣ ሥሩን ያቃጥላል።

አዘራሩን አንድ ጊዜ በደንብ አሳይሻለሁ፣ ምክንያቱም «ዘር መዝሪያ» እየተባለ የሚሸጠው ባለ መዘውር ፕላስቲክ ሁሉ የሚተካው በዚህ ነው። የቢዝነስ ካርድ ወይም የመድኃኒት ካርቶን ቁራጭ መሃሉን እጠፊው፣ እንደ አሸንዳ ይሁን። የሰላጣውን ዘር እጥፋቱ ውስጥ አድርጊ። ካርዱን አዘንብለሽ በሌላኛው እጅሽ ጣት ጀርባውን ቀስ እያልሽ ምቺ። ዘሮቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ይወርዳሉ። ሁለት አብረው ከወረዱ የስቴኪኒ ጫፍ ምራቅ ሳይሆን ውሃ አስነክተሽ አንዷን አንሺ፤ ዘሯ ስቴኪኒው ላይ ትጣበቃለች፣ አፈር ስታስነኪያት ትለቃለች። የመቅበሩ ልክ የዘሩ ውፍረት ሁለት ሦስት እጥፍ ነው። ቲማቲምና ቃሪያ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል። ሰላጣ ግን ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሺው፤ በመዳፍሽ ጫን አድርገሽ ውሃ እርጪበት፣ በቃ።

ጀማሪን ተስፋ የሚያስቆርጠው አለመብቀሉ አይደለም፤ በቅሎ መውደቁ ነው። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ ችግኝ ጠዋት ተኝቶ ታገኚዋለሽ። ጠጋ ብለሽ እይው፤ ግንዱ ልክ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ላይ ቀጥኖ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ በክር የታነቀ ይመስላል። ከላይ ያለው ቅጠል ገና አረንጓዴ ነው። ሰው ይህን ሲያይ «ውሃ ጠማው» ብሎ ያጠጣል፣ ያኔ የቀረውም ይሄዳል። ይህ አፈር ውስጥ የሚኖር የሻጋታ ዓይነት በሽታ ነው፤ የሚወደውም እርጥብ፣ የታፈነና ችግኝ የተጨናነቀበት ትሪ ነው። አንዴ ከያዘ የወደቀው አይነሳም፤ ያንን ክፍል ከነአፈሩ አውጥተሽ ጣይ።

መከላከያው ርካሽ ነው። አፈሩ ትሪ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የፈላ ውሃ አፍሺበትና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተይው። አሮጌ ትሪ ከሆነ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ እጠቢው፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂ። ከበቀለ በኋላ ከላይ አታጠጪ። ትሪውን ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪው፣ ከሥር ይምጠጥ፣ የላይኛው አፈር ሲረጥብ አውጪው። ከላይ ሸፍነሽው ከነበረም ሲበቅል ክፈቺው፣ አየር ይለፍበት።

ዘሩን ራሱን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ። የታሸገና ቀን ያለው ግዢ። ቤት የቆየ ካለሽ አሥር ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ጠቅልለሽ ፌስታል ውስጥ አድርጊና ቁጠሪ፤ ከአሥር አምስት ከበቀለ አብዝተሽ ዝሪ፣ ሁለት ከሆነ ጣይው። የሽንኩርት ዘር ዓመት ካለፈው አትመኚው፣ የቲማቲም ግን አራት ዓመትም ይቆያል። የተረፈውን ጥብቅ ክዳን ባለው ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ዘር ካጋጠመሽ መድኃኒት ነው፤ ልጅሽ በባዶ እጇ አትንካው፣ ያምራል ብላችሁም ክር ላይ እንዳትሰኩት።

አሁን ወደ ጌጡ። የ6,000 ብርሽ ትልቁ ክፍል እዚህ ይውጣ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር መጥፎ ዕቃን ይታገሣል፤ በጣትም በስቴኪኒም ብትዘሪው ይበቅላል። ሽቦ ግን አይታገሥም። መጥፎ ፒንሳ የነካው ሽቦ ላይ ጥርሱ ይቀራል፣ መጥፎ መቁረጫ የቆረጠው ጫፍ ልብስ ይቀዳል፣ አንገት ይቧጭራል። እኔ ራሴ መጀመሪያ የገዛሁት እንደ አንቺው ባለ ብዙ ፍሬ ኪት ነበር። መቁረጫው በአንድ ሳምንት ጫፉ ተሸረፈ፤ ክብ አፍንጫው ሁለት ጫፉ አይገጥምም ነበርና የሠራሁት ክብ ሁሉ እንቁላል እንቁላል ይመስል ነበር። ለሁለት ወር ያህል ጥፋቱ የእጄ እየመሰለኝ ልተወው ነበር። ጥሩ ፒንሳ የያዝኩ ቀን ነው እጄ ደህና መሆኑን ያወቅሁት። ልጅሽ ይህ እንዳይደርስባት እፈልጋለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ አራት ናቸው። ክብ አፍንጫ ፒንሳ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ ክብ። ውስጡ ጥርስ የሌለው ጠፍጣፋ ቀጭን ፒንሳ፤ እሱ ሁለት ይሁን፣ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ። አራተኛው አንድ ጎኑ ሜዳ አድርጎ የሚቆርጥ ትንሽ መቁረጫ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ አይሆንም፤ ጥርስ አለው፣ ይጨፈልቃል። ቤት ያለው እሱ ብቻ ከሆነ አፉን በፕላስተር ጠቅልለሽ መለማመጃ አድርጊው።

የጌጥ ዕቃ መደብር ብቻ አትፈልጊ። የሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ትንሿን መቁረጫ፣ ቀጭን ወረንጦና አጉሊ መነጽር ይይዛሉ፤ ለአንቺም ሥራ ልክ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳትከፍይ ሦስት ነገር ሞክሪ። ፒንሳውን ገጥመሽ ወደ ብርሃን አንሺው፤ በአፉ መሃል ብርሃን ካለፈ መልሺው። እጀታውን ይዘሽ ወደ ጎን አወዛውዢው፤ መገጣጠሚያው ከላላ መልሺው። መቁረጫውን በአንድ ቀጭን ክር ወይም በፀጉርሽ ሞክሪው፤ በጫፉ ሳያኝክ መቁረጥ አለበት። ሻጩ ቢቸኩልም አትቸኩዪ።

ከተማራችሁት ሁሉ የምትደጋግሙት አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ሽቦ ጫፍ ላይ ትንሽ ክብ መሥራት። ጉትቻው የሚንጠለጠለው በእሷ ነው። ዶቃው ሽቦው ላይ ከገባ በኋላ ከዶቃው በላይ 1 ሴንቲ ሜትር ተዪና ቁረጪ። ያንን ጫፍ ልክ ከዶቃው አፍ ላይ ወደ ጎን 90 ዲግሪ እጠፊው። ክብ አፍንጫው ጫፉን ብቻ ይንከስ፣ ከዚያ የእጅሽን አንጓ ወደ ዶቃው አዙሪ። አንድ ጊዜ አያልቅም፤ መሃል ላይ ለቀቅ አድርገሽ እንደገና ያዢና ጨርሺ። ፒንሳው ወደ ጫፉ የሾለ ስለሆነ የያዝሽበት ቦታ የክቧን ስፋት ይወስናል። ግራና ቀኝ ጉትቻው እንዲመሳሰል ፒንሳው ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሪና ሁልጊዜ እዚያው ላይ ያዢ። ይህን ያህል ነው ሚስጥሩ። ሃያ ጊዜ በርካሽ ሽቦ ሞክሩት፤ አሥራ አምስተኛው አካባቢ እጅ ይለምዳል።

ሁለት ጠፍጣፋ ፒንሳ ያልኩሽ ትንንሾቹን ማያያዣ ቀለበቶች ለመክፈት ነው። ሰው ሁሉ ወደ ግራና ቀኝ ስቦ ይከፍታቸዋል። እንደዚያ የተከፈተ ቀለበት ክብነቱ ይጠፋል፣ ተመልሶም አይገጥምም፤ ጉትቻ መንገድ ላይ የሚጠፋው በዚህ ነው። ሁለቱን ጫፍ በሁለት ፒንሳ ያዢና አንዱን ወደ አንቺ፣ ሌላውን ወደ ፊት ግፊው። ለመዝጋትም በመጣበት መንገድ መልሺው።

ሽቦ በውድ አትግዢ። ለመለማመጃ የቤት ኤሌክትሪክ መዘርጊያ ነጠላ መዳብ ጥሩ ነው፣ ፕላስቲኩን ገፈሽ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «1.5» ተብሎ የሚሸጠው 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት አይደለም። ቁጥሩ ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው ክብ ፊት ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው፣ ውፍረቱ ወደ 1.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለአምባር ይሆናል፣ ለጉትቻ ክብ ግን ይወፍራል፤ ለእሱ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው የምትፈልጊው። ቀጭኑን ሞተር ከሚጠቀልሉ ሰዎች ጠይቂ፣ በተለያየ ቁጥር አላቸው፤ ቫርኒሽ ስለተቀባም ቶሎ አይጠቁርም። ባዶ መዳብ ይጠቁራል፣ ቆዳም ላይ አረንጓዴ ይተዋል። አያሳምምም፣ በሎሚና በጨው ይጸዳል። ሽቦው ደጋግመሽ ስታጥፊው ይጠነክርና ይሰበራል፤ ያ የመዳብ ጠባይ ነው እንጂ የሽቦው መጥፎነት አይደለም።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው መንጠቆ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ መዳብም፣ ከኪት የወጣ አንጸባራቂ ብረትም አታድርጊ። ርካሹ ብዙ ጊዜ ኒኬል አለበት፤ የጆሮ ማሳከክና ማዠት የሚያመጣው እሱ ነው፣ አንዴ አለርጂው ከጀመረ ደግሞ ዕድሜ ልክ ይከተላል። የአውሮፓ ኅብረት የጆሮ ጌጥ ላይ ኒኬልን በሕግ የገደበው ለዚህ ነው። የምትገዢው 925 የተባለውን ብር ወይም ለቀዶ ሕክምና የሚሆነውን አይዝጌ ብረት ነው። 925 ማለት ከሺህ 925 እጁ ብር ነው ማለት ነው። አያቶቻችን መስቀልና አምባር ያስቀልጡበት የነበረው የማሪያ ቴሬዛ ብር እንኳ ከሺህ 833 ነው፤ ስለዚህ «የድሮ ስለሆነ ንጹሕ ብር ነው» የሚልሽን ሁሉ አትመኚ። ለመንጠቆው ጥቂት ጥንድ ብቻ ግዢ፣ ከሥሩ የሚንጠለጠለውን በፈለግሽ ጊዜ ትቀይሪዋለሽ።

ዶቃውን መርካቶ ሄደሽ በዓይንሽ እያየሽ ምረጪ። ትንንሾቹ ጨሌዎች ቁጥር አላቸው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ጨሌው ያንሳል። 11 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ 8 ቁጥር 3፣ 6 ቁጥር 4። ከልጅ ጋር ስለሆንሽ በ6 ወይም በ8 ጀምሪ። በ11 የጀመረ ልጅ በሩብ ሰዓት ይሰላቻል። ክር ላይ፣ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ርካሽ ነው ግን በጊዜ ይደርቃል፣ ይሰበራልም። ለአንገት ጌጥ ጠንካራ የናይለን ስፌት ክር እጥፍ አድርገሽ ተጠቀሚ። መርፌው ከነክሩ በዶቃው ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ ሳትገዢ ሞክሪው። የክሩን መጨረሻ ለመያዝ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። የዶቃ ምንጣፍ ብለው የሚሸጡትን ደግሞ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይተካዋል፤ ዶቃ አይንከባለልበትም።

አንድ ዕቃ ለሁለት ሥራ ይሁን ያልሽው ግማሹ ይሆናል። አጉሊ መነጽሩ፣ የጠረጴዛ መብራቱ፣ ትንንሽ ክዳን ያላቸው ዕቃዎች፣ ማርከሩ ለሁለቱም ያገለግላሉ። ወረንጦው ከታጠበና ከደረቀ ይሆናል። ፒንሳውና መቁረጫው ግን አፈርና ውሃ ጨርሶ አይንኩ። አንድ ጊዜ የቲማቲም ማሰሪያ እርጥብ ገመድ በጌጥ መቁረጫዬ ቆረጥኩ፤ መገጣጠሚያው ውስጥ የገባች አሸዋ እስከ ዛሬ ትንጫጫለች። በወር አንዴ መገጣጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ የሲንጀር ዘይት አድርጊና ጥረጊው። ጠንካራ የብረት ሽቦ፣ በተለይ ያንን ተጠቅልሎ የሚመለሰውን የአምባር ሽቦ፣ በትንሿ መቁረጫ አትቁረጪ። አንድ ቁራጭ ይበቃታል፣ ትሸረፋለች።

ሽቦ ስትቆርጡ ቁራጩ እንደ ጥይት ይበራል። ሁለታችሁም መነጽር አድርጉ፣ ሌላኛው እጅ ደግሞ ቁራጩን ይሸፍን፣ አፉም ወደ ታች ወደ ጠረጴዛው ይሁን። ይህን ልጅሽ ከመጀመሪያው ቀን ትልመደው። ብየዳ አሁን አትጀምሩ። ሬዲዮ የሚበየድበት ቆርቆሮ ብዙው እርሳስ አለበት፣ ቆዳ ላይ የሚውል ነገር ላይ አይገባም። እሳት የሚፈልገው የብር ብየዳ ደግሞ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ሥራ አይደለም።

ዋጋው እንደ ሰሞኑ ስለሚለዋወጥ በድርሻ ልንገርሽ። ከ6,000 ብርሽ 3,000ው ለአራቱ ፒንሳዎችና ለወረንጦ ይሁን። 1,500ው ለዶቃ፣ ለሽቦ፣ ለክርና ለጆሮ መንጠቆ። 1,000 ብር ለዘር፣ ለትሪ፣ ለውሃ መርጫና ለብስባሽ። 500ዋን አትንኪያት፤ በሁለተኛው ወር ምን እንደጎደለሽ ራስሽ ስታውቂ ትገዢበታለሽ። ገንዘቡ ካልበቃ ከዶቃው ቀንሺ እንጂ ከፒንሳው አትቀንሺ። ቅደም ተከተሉም አለው፤ መጀመሪያ ዘሩን ዝሩ። ሰላጣ በሳምንት ውስጥ ይበቅላል፣ ቃሪያው ግን ያስጠብቃችኋል። ልጆች ሲጠብቁ ነው የሚሰላቹት፤ ያኔ ዶቃውን አውጪላት።

ቃል የገባሁልሽ ፍሬ ኮይክስ ይባላል። ሙሉ ስሙ ኮይክስ ላክሪማ ጆቢ ነው፣ በላቲን የኢዮብ እንባ ማለት ነው። የበቆሎ ዘመድ የሆነ ሣር ነው፣ ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል። ፍሬው ግራጫና ነጭ፣ እንደ ሸክላ የሚያብረቀርቅ፣ የእንባ ዘለላ የመሰለ ነው፤ በብዙ አገር መቁጠሪያ ይሠራበታል። ዘሩን ስታገኚ አንድ ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ከዚያ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቅበሪው፣ ቃሪያው ጋ ፍሪጅ አናት ላይ ይሁን። ሙቀት ይወዳል፤ ሲያድግ በረንዳሽ ላይ ፀሐይ ብዙ የሚቆይበትን ጥግና ቢያንስ የ20 ሊትር ባልዲ የሚያህል ማሰሮ ስጪው። አራት አምስት ወር፣ በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል። ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ግራጫ ሲቀየርና በጥፍርሽ ስትጫኚው አልሰረጉድ ሲል ልቀሚው። ከላይ የሚወጣውን ገለባ በወረንጦ ሳቢው፣ ከታች ያለውን ቁራጭም እንዲሁ። ቀዳዳው ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ስለሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክፍት ነው። መርፌ በቀጥታ ያልፋል፣ መሰርሰሪያ አትገዢም።